ወቅቱንና ቆዳውን ያልለየ ምክር፦ ስለ ቻይና የበጋ ውበት አጠባበቅ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉትንና በባህላዊ የቻይና ሕክምና ላይ ተመሥርቶ የበጋ ውበት አጠባበቅን የሚያስተምር ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ጸሐፊዋ ለአማርኛ አንባቢ ያቀረቡት ምክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የእሳትና የልብ ወቅት ስለሆነ እንደ ማሾ ሾርባ ያለ ሰውነትን የሚያቀዘቅዝ ምግብ ይዘውተር፣ ቀትር ላይም ይታረፍ፤ ፀሐይ የ«ያንግ» (የሞቃትና ንቁ ኃይል) ምንጭ ስለሆነች በሰንስክሪን (በፀሐይ መከላከያ ክሬም) ፋንታ የሉል (የዕንቁ) ዱቄት ይቀባ፤ ፊት በነጫጭ ዕፅዋት ማስክ ይጽዳ፣ ይንጣ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይጠጣ፤ በብዛት በማላብ መርዝ ከሰውነት ይውጣ፤ ፊት በየዕለቱ በጓ ሻ ድንጋይ ይፋቅ፤ የቻይና ዕፅዋት ሻይ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ያለ ገደብ ይጠጣ። በመጨረሻም የኖቤል ሽልማት ይህን ሁሉ እንዳረጋገጠ ይነግሩናል።

ይህን ምላሽ የምጽፈው የቻይናን ሕክምና ለማጣጣል አይደለም። የፋርማሲ ትምህርቴን በደቡብ ቻይና በጓንግዡ ከተማ ስከታተል የዚህን ሕክምና መምህራን አዳምጫለሁ፤ መድኃኒት ቤቶቻቸው ውስጥ ቆሜ ዕፅዋቱ ከትንንሽ የእንጨት መሳቢያዎች እየወጡ፣ በእጅ ሚዛን እየተመዘኑ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለየብቻ በወረቀት ሲጠቀለሉ ተመልክቻለሁ። ያየሁት ሙያ ጠያቂና ጥንቁቅ ነው። ሐኪሙ ምላስ ያያል፣ የደም ሥር ምት ይዳስሳል፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሆድና ስለ ወር አበባ ይጠይቃል፤ ያዘዘውንም መድኃኒት ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ ይመረምራል። ጽሑፉ ያቀረበልን ግን ለማንም ሰው፣ በየትም ቦታ፣ በማናቸውም መጠን ይሆናል የተባለ የውበት ዝርዝር ነው። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ የባህሉን ጥንቃቄ ጥሎ ስሙን ብቻ ስለያዘ፣ ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ከራሱ ከባህሉ ምንጭ ጋር ይጋጫሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የአንባቢን ቆዳና ኩላሊት የሚጎዱ ናቸው።

ከወቅቱ ልጀምር። ባህላዊው የቻይና አቆጣጠር ዓመቱን በ24 የፀሐይ ምዕራፎች ይከፍላል። በጋው «ሊ ሺያ» በሚባለው ዕለት፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ወይም 28 ግድም፣ ይገባል፤ «ሊ ቺዩ» እስከሚባለው እስከ ነሐሴ መባቻ ድረስም ይዘልቃል። ከሁሉ የሚያቃጥሉት «ሳን ፉ» የሚባሉት 30 ወይም 40 ቀናት ሲሆኑ የሚጀምሩት በሐምሌ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ የምሥራቅና የደቡብ ቻይና አየር በዝናብና በእርጥበት ይሞላል። በጓንግዡ ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊቱም አያሳርፍም፣ ላብ ከቆዳ ላይ አይደርቅም። «ሙቀትና እርጥበት» የሚባለው የሐኪሞቹ ምርመራ፣ ማሾውና ሐብሐቡ፣ መራራ አትክልቱም ሁሉ ከዚህ አየር የተወለዱ ናቸው።

በዚያው ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ክረምት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ይውላል፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ሰዉም ጋቢ ደርቦ ያመሻል። ለዚህ ሰው በሐምሌ የሚያቀዘቅዝ ምግብ እንዲያዘወትር የሚመክር የቻይና ሐኪም አላውቅም፤ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ያዝለት እንደሆነ እንጂ። የሕክምናው መሠረት የሆነውና በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደተጠናቀረ የሚታመነው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። አንድ ዓይነት በሽታ በተለያየ መንገድ ታክሞ የሚድነው ለምንድን ነው ተብሎ ይጠየቅና፣ መልሱ ምድሩ ስለሚለያይ ነው የሚል ይሆናል። በምሥራቅ ጠረፍ ያሉት ዓሣና ጨው ስለሚበሉ የድንጋይ መርፌ፣ በምዕራብ ያሉት የሚጠጣ መድኃኒት፣ በሰሜን ብርድ ያሉት በጭስና በግለት የሚደረግ ሕክምና፣ በደቡብ ያሉት ቀጭን መርፌ፣ በመካከለኛው አገር ያሉት ደግሞ እንቅስቃሴና ማሸት ይስማማቸዋል ይላል። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው የጓንግዡን የሐምሌ ምግብ ለእንጦጦ ነዋሪ እንዳለ አያዝም። ምክሩ በተሻለ የሚገጥመው ሐምሌያቸው ሞቃትና እርጥብ ለሆነባቸው በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በዱባይ ላሉ ወገኖቻችን ነው። ከአገር ውስጥም ሰኔ ድሬዳዋን የሚያነድበት ወር ነው፤ ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ አንባቢ» ብሎ በአንድ መደምደምም አይቻልም።

ከዝርዝሩ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስለ ፀሐይና ስለ ሰንስክሪን የተባለው ነው። ጸሐፊዋ ሰንስክሪን ያንግ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይዘጋል ሲሉ የተደገፉት በዚሁ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ባለው ስለ በጋ በሚናገር አንቀጽ ነው። አንቀጹ በበጋ ሦስት ወራት ሰው ማታ ቆይቶ ይተኛ፣ ማለዳ ይነሣ፣ በፀሐይ አይሰላች፣ ቁጣን ከልቡ ያርቅ ይላል። ነገሩ ስለ ቀን ርዝመት፣ ስለ ሥራና ስለ ስሜት የተነገረ ሲሆን፣ በቀትር ፀሐይ ፊትን ገልጦ መቆምን የሚያዝ ቃል የለበትም። ኑሮውም ይህንኑ ይመሰክራል። በጓንግዡ መንገዶች ላይ በሐምሌ ጠራራ ጃንጥላ ያልያዘች አረጋዊት ማየት ብርቅ ነው፤ የቻይና የባሕር ዳርቻ ከተማ በሆነችው በቺንግዳኦ ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኛቸው ከዓይን፣ ከአፍንጫና ከአፍ በቀር ፊታቸውን ሙሉ በጨርቅ ሸፍነው የሚዋኙ ሴቶች አሉ።

ሳይንሱስ ምን ይላል? በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ናምቡር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረ ሰፊ ሙከራ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በየዕለቱ ሰንስክሪን እንዲቀቡ፣ ገሚሶቹ እንደ ልማዳቸው እንዲቀጥሉ ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች ከሆኑት ውስጥ የ903 ሰዎች ቆዳ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሲመረመር፣ በየዕለቱ የተቀቡት ላይ የታየው የቆዳ እርጅና ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ስለ ውበት የሚጽፍ ሰው ለመጨማደድ መድኃኒት ሲፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነገር ማግኘት ያስቸግረዋል።

እርግጥ ነው፣ እነዚያ ሰዎች በአብዛኛው ነጭ ነበሩ። የእኛ ቆዳ ያለው ሜላኒን (የቆዳ ማቅለሚያ) በራሱ ይከላከላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የታወቀ ልኬት የጥቁር ቆዳ ሽፋን በአማካይ ኤስፒኤፍ (ፀሐይን የመከላከል መጠን) 13 ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ በቆዳ ካንሰር በኩል ያለን ስጋት ከነጮች በጣም ያነሰ ነው፤ ቆዳቸው ሜላኒን ለሌለው የአልቢኒዝም ተጠቂ ወገኖቻችን ግን ሰንስክሪንና ኮፍያ የሕይወት ጉዳይ ናቸው፤ እነርሱም ይህን ጽሑፍ ያነባሉ። ለሌሎቻችን የፀሐይ ጉዳት በዋናነት የሚታየው በማድያትና ብጉር ትቶት በሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። በማድያት የምትቸገር ሴት ሰንስክሪኗን ትታ የምትወስደው ሕክምና ሁሉ ውጤቱ ይዳከማል፤ ፀሐይ በማግስቱ መልሳ ታጠቁረዋለችና። በዚያ ላይ ማድያትን የሚያብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ፣ የቆዳ ሐኪሞች ለጠይም ቆዳ የሚመርጡት የብረት ኦክሳይድ ያለበትንና የቆዳ ቀለም የተጨመረበትን ሰንስክሪን ነው። ይህ ዓይነቱ ብዙዎቻችንን ሰንስክሪን ያስጠላንን ያንን አመዳም ነጭ ቅሪትም አያስቀርም።

የእኛ ከፍታም መረሳት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ያለች ስለሆነች፣ ሰማዩ በጠራበት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው የእኛ በጋ የቀትሩ ፀሐይ «እጅግ ከባድ» ከሚባለው ደረጃ ይደርሳል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ብቻ አይታወቀንም። ክረምትም ቢሆን ስስ ደመና ጨረሩን አያቆመውም። ስለዚህ ሰንስክሪን የሚያስፈልገን መቼ እንደሆነ የቻይና ወራት ሊነግሩን አይችሉም። ኤስፒኤፍ 30 የሆነ ክሬም በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተደርጎ ፊትና አንገት ላይ ከተቀባና በየሁለት ሰዓቱ ከተደገመ ይበቃል።

በሰንስክሪን ምትክ የቀረበው የሉል ዱቄት በቻይና ረጅም ታሪክ አለው። ሐኪሙ ሊ ሺዠን እ.ኤ.አ. በ1578 አጠናቆት በ1596 በታተመው፣ 1,892 መድኃኒቶችን በያዘው «ቤንጻኦ ጋንግሙ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ሉል ለፊት እንደሚጠቅም ተጽፏል። ይሁን እንጂ ሉል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህም እንደ ኖራና እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ማዕድን ነው። ፊት ላይ ሲነሰነስ ወዝ ይመጥጣል፣ ያበራል፤ ጉዳት የለውም። የአልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይከላከልም። ጨረሩን የሚመክቱት ማዕድናት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናቸው። ዱቄቱን የወደደ ሰው ከሰንስክሪኑ በላይ ይነስንሰው፤ በፋንታው ግን አይሁን።

ስለ «ነጫጭ ዕፅዋት» ማስክ የተጻፈው ክፍል ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በእነዚህ ማስኮች ውስጥ ዋናው «ባይ ዢ» የሚባል ሥር ነው። ይህ ሥር ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት፤ እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን ሊያቃጥሉ፣ ውሃ ሊያስቋጥሩ፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ሊያስቀሩ ይችላሉ። የእኛው ጤና አዳምም ያው ኬሚካል አለው። በቡና ውስጥ ቅጠሉ ጣል ሲደረግ ምንም የማያደርገን ጤና አዳም፣ ተፈጭቶ ቆዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ፀሐይ ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ቅጠሉን በፀሐይ የለቀሙና እጃቸው የተላጠ ሰዎች ያውቁታል። ሎሚም እንዲሁ ነው። ጸሐፊዋ በአንድ በኩል የባይ ዢን ማስክ፣ በሌላ በኩል ያለ ሰንስክሪን ፀሐይ መሞቅን መምከራቸው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፣ ማድያትን ለማምጣት ካሰቡ ሊያደርጉት የሚችሉት ነው። ማስኩ ካልቀረ ማታ ተቀብቶ፣ ከመኝታ በፊት በደንብ ታጥቦ፣ በማግስቱ ፊት ከፀሐይ ይጠበቅ።

ማንጣት የሚለው ዓላማ ራሱም ሊጠየቅ ይገባዋል። ፊት ነጭ ሲሆን ያምራል የሚለው በቻይና የቆየ የማኅበረሰብ ምርጫ ነው። ለዚህ ሲባል በጥንታዊ የፊት ቅባቶች ውስጥ የእርሳስና የሜርኩሪ ዱቄት ይገባ እንደነበር ራሳቸው የቻይና የሕክምና ታሪክ ተመራማሪዎች አይደብቁትም። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2013 የተስማማበት የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የማንጫ ክሬሞችም ከገበያ ለማስወጣት የተነሣው ነርቭንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ ነው። በአገራችን ገበያም ስቴሮይድ የተጨመረባቸው ማንጫዎች በቅባት ስም ይሸጣሉ፤ ፊትን ለጥቂት ሳምንታት ካፈኩ በኋላ ያሳሱታል፣ ያቀሉታል፣ ጸጉር ያበቅሉበታል። ጠይምነትና ጥቁረት ሕመም አይደለም። ስለ ጤናማ ቆዳ የሚመክር ጽሑፍ ይህን መንገድ ለአንዲት ወጣት አንባቢ መክፈት የለበትም።

ቀዝቃዛ ውሃ ደምን ያረጋል፣ ፊትንም ያጨማድዳል ለተባለው መረጃ የለም። የቻይና ሐኪሞች ስጋት ሌላ ነው፤ በረዶ የበዛበት መጠጥ ሆድን ያውካል ይላሉ፤ ሆዱ የሚያስቸግረው ሰው ምክሩን ቢሰማ አይጎዳም። የቻይናውያን የሙቅ ውሃ ልማድ እንዲህ የተስፋፋው ግን በሕክምናው መጻሕፍት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 የተጀመረው የአዲስ ሕይወት ንቅናቄና በ1952 የተጀመረው አገር አቀፍ የንጽሕና ዘመቻ ሕዝቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ አስተምረዋል። ውሃ ማፍላት የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም ስለሚገድል ትልቅ ሥራ ነበር፤ ቴርሞስም በየቢሮውና በየባቡሩ የገባው በዚህ የተነሣ ነው። በሙቀት ጊዜ ትኩስ መጠጥ ያቀዘቅዛል የሚለውም ከፊል እውነት አለው። በካናዳ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ትኩስ የጠጡ ሰዎች ላባቸው ሙሉ በሙሉ መትነን በቻለበት ሁኔታ ሰውነታቸው ያከማቸው ሙቀት ያነሰ ነበር። ላብ በማይደርቅበት የዱባይ እርጥበት ውስጥ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ያለ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘ ሳይፈራ ይጠጣ።

ብዙ በማላብ መርዝ ማስወጣት የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የሚገርመው ምክሩ ከቻይናው ሕክምና ጋርም መቃረኑ ነው። በዚያ ትምህርት ላብ የልብ ፈሳሽ ነው ይባላል፤ በበጋ ከመጠን በላይ ማላብ ልብን ያደክማል ተብሎ አጥብቆ ይከለከላል። በፀሐይ የተመታ፣ መናገር የተሳነው፣ የሚቃዥ ሰው ደግሞ በፍጥነት ወደ ጥላ ገብቶ፣ በውሃ እየራሰና ማራገቢያ እየተደረገለት ሐኪም ጋ መድረስ ያለበት ድንገተኛ ታማሚ ነው።

ጓ ሻ ጥሩ ታሪክ ያለው ነገር ነው። በመንደር ቤቶች ውስጥ በጋ ላይ ራሱን የሳተ ወይም አንገቱ የደነደነበት ሰው ጀርባው ዘይት ይቀባና በጎሽ ቀንድ፣ በሳንቲም ወይም በሸክላ ማንኪያ ጠርዝ ቀዩ ነጠብጣብ እስኪወጣ ድረስ ይፋቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በ11 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት በተፋቀው ቦታ የደም ዝውውር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በአራት እጥፍ መጨመሩን ለክቷል። ፊት ላይ የሚደረገው ልስላሴ ያለው ማሸት ከዚህ የተለየ፣ በቅርብ ጊዜ የተስፋፋ የውበት ልማድ ነው። ጠዋት ያበጠ ፊትን ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋል፣ መንጋጋና ግንባርን ያዝናናል፤ ይህን አልክድም። የፊትን ቅርጽ ግን አይለውጥም። ድንጋዩ ጄድ ሆነ ብርጭቆ ልዩነት የለውም፤ ጠርዙ የለሰለሰና ንጹሕ መሆኑ ይበቃል። ጠይም ቆዳ በተጎዳ ቁጥር ጥቁር ምልክት ስለሚያስቀር፣ ብጉር ያበጠበት ወይም ፀሐይ ያቃጠለው ፊት ፈጽሞ አይፋቅ፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ይተወው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ያለ ገደብ ይጠጣ» ወደሚለው ስመጣ ዝም ማለት አልችልም። በጓንግዡ በየመንገዱ ጥግ «ሊያንግ ቻ» የተባለውን የሚያቀዘቅዝ የዕፅዋት ሻይ የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች አሉ፤ ጥቁርና መራራ ሻያቸው ከትልልቅ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ወደ ሳህን እየተቀዳ ይቀርባል፤ ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራዊ ቅርስነት መዝግባዋለች። አንድ ጊዜ ሆዴን እያመመኝ ከእነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ መራራውን ስጠይቅ፣ ባለ ሱቋ እናት ፊቴን አይተው፣ ስለ ሆዴ ጠይቀው፣ ሳህኑን መልሰው አስቀመጡትና ዝንጅብል ቀቅለህ ጠጣ ብለው ባዶ እጄን ሰደዱኝ። የሚሸጡትን ለማይስማማው ሰው አልሸጡም። ያለ ገደብ የሚል ምክር ከእኚህ ሴት ደጃፍ አልወጣም።

ገደብ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ብራስልስ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ በነበረ የማቅጠኛ ክሊኒክ ክብደት ለመቀነስ የሄዱ ሴቶች የቻይና ዕፅዋት የተቀላቀሉበት እንክብል ይሰጣቸው ነበር። ከዕፅዋቱ አንዱ ስሙ ለጆሮ ከሚመሳሰለው ሌላ ተክል ጋር ተምታቶ «ጓንግ ፋንግ ጂ» ሆኖ ገባ፤ ይህ ተክል አሪስቶሎኪክ አሲድ አለው። ጤነኛ የነበሩ ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው በወራት ውስጥ መድከም ጀመረ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1993 ጉዳዩን ለዓለም ካሳወቁ በኋላ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 በላይ ደረሰ፤ ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፣ ከእነርሱም መካከል በኋላ የሽንት መሥመር ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ይህ አሲድ ያለባቸውን ዋና ዋና ዕፅዋት ከመድኃኒት ዝርዝሯ ሰርዛለች። እነዚያ ሴቶች ፍላጎታቸው እንደ ማንኛችንም ነበር፤ ማማር ነበር የፈለጉት።

ዛሬም ጥንቃቄው ቀላል ነው፣ ግን መነገር አለበት። በብዙ የቻይና ቅመሞች ውስጥ የሚገባው ጣፋጩ የሊኮሪስ ሥር በብዛት ከተወሰደ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። «ዳንግ ጉይ» እና «ዳን ሸን» የተባሉት ዕፅዋት ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማሙም፤ ደም ሊያፈስሱ ይችላሉ። የክሪዛንተመም አበባ ሻይ አለርጂ ላለበት ሰው ሊያስቸግር ይችላል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ሳታማክር ምንም ዓይነት ቅይጥ ዕፅ አትጠጣ። በማቅጠኛ ሻይ ስም የሚሸጡ ብዙ ዕቃዎች ውስጥ ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ የማቅጠኛ መድኃኒት ተደጋግሞ ተገኝቷል። ፓኬቱ ላይ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት፣ በማናውቀው ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ዕፅ በእኔ አስተያየት መገዛት የለበትም።

የኖቤሉ ክርክር ጸሐፊዋ እንዳሉት ሳይሆን ለእኔ ነጥብ የሚመሰክር ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 የተሸለሙት ጥንታዊ ቃል ስላመኑ ሳይሆን ስለፈተኑ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ጌ ሆንግ የጻፈው አንድ መሥመር፣ «ቺንግ ሃኦ» የተባለውን ቅጠል በውሃ ነክሮ ጨምቆ መጠጣትን ይናገራል። ቱ ዮዮ ከዚያ ቅጠሉ መፈላት እንደሌለበት ተረድተው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አውጥተው፣ በእንስሳት ላይ ሞክረው፣ ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሳቸው ዋጡት። ከዚያ የተገኘው አርቴሚሲኒን ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት ያዳነው ኮአርተም መሠረት ነው፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ለወባ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት አድርጋ የተቀበለችው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ቅጠሉን አፍልቶ እንደ ሻይ መጠጣትን አይመክርም፤ መጠኑ ስለማይታወቅ። ከአንዱ ቅጠል የተገኘው ድል የሉል ዱቄቱንና ማስኩን አያጸድቅም፤ እነርሱ ለየብቻ ይፈተኑ።

ከጽሑፉ የምቀበለው አለ፤ ከሁሉ በላይ የማሾው ሾርባ። ማሾ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላዎች፣ በተለይ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይመረታል፤ አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካልና በቤታችን እምብዛም አይበላም። አንድ ስኒ ማሾ ታጥቦ በስድስት ወይም ሰባት ስኒ ውሃ ይጣድ፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ቢጨመርበት ውሃው አረንጓዴነቱን ይይዛል፣ አለበለዚያ ይቀላል። ፈልቶ አሥር ደቂቃ ያህል ሲሆነው የሚቀዳውን ቀጭን ውሃ ቻይናውያን ለጥም ይጠጡታል፤ ፍሬው እስኪፈነዳ ከቆየ ደግሞ በስኳር ይበላል፤ ለሞቃት ቀን ቀላልና ፕሮቲን ያለው ምግብ ነው። የቀትር ዕረፍቱም እንዲሁ ትክክል ነው። ቻይናውያን እኩለ ቀንን የልብ ሰዓት ብለው ያርፉበታል፤ የተባበሩት ዐረብ ኢሚሬቶች ሕግም ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራትን ይከለክላል። ሕጉ ከቤት ውጭ በፀሐይ ለሚሠሩ ነው፤ በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን በዚያ ሰዓት ግቢ እንዳያጸዱ፣ ምንጣፍ በሰገነት ላይ እንዳያራግፉ የሚያስችላቸው መደራደሪያ የላቸውም። የውበት ምክር ለእነርሱ መጻፍ የፈለገ ሰው ስለዚህ ሰዓት ቢጽፍላቸው ይጠቅማቸዋል።

ጸሐፊዋ ጽሑፋቸውን የሚያሻሽሉበት ዕድል ስላላቸው ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሰንስክሪንን የሚቃወመው አንቀጽ ይውጣ። የባይ ዢ ማስክ ከፀሐይ ጋር እንደማይሄድ በግልጽ ይጻፍ። ስለ ዕፅዋት ሻይ «ያለ ገደብ» የሚለው ቃል ተሰርዞ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊትና የልብ ሕሙማን፣ ዋርፋሪን የሚወስዱም ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይጠጡ የሚል ማሳሰቢያ ከላይ ይቀመጥ።